ፕላስተር የተለጠፈበት ካሜራ

ገርጂ፣ መስከረም 1992 ዓ.ም.

ለጣውንቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺና በልጅሽ ላይ ይሁን። ደህና ነሽ ወይ? ሸይማስ እንዴት ናት? ክረምቱ ኮተቤ ላይ እንዴት ያዛችሁ? እዚህ ገርጂ ጭቃው የሰው ጫማ ሲያስቀር ከርሞ አሁን ገና መድረቅ ጀምሯል። ጣራሽ ያፈስ እንደነበር ሽማግሌያችን ጋሼ አብዱልገኒ ነግረውኛል፤ በጋው ሳያልፍ አሳድሺው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ይቆጣል።

ለአንቺ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጣውንት ለጣውንት ምን ትጽፋለች ትዪ ይሆናል፤ እኔም ብዕሩን ይዤ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ከገርጂ ኮተቤ ሩቅ አይደለም፤ መገናኛ ላይ ታክሲ መቀየር ብቻ ነው። ግን ፊትሽን ሳይ አፌ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ታውቂዋለሽ። ወረቀት ይሻለኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ እዚህ ደርሻለሁ። ስህተት ብታገኚ እለፊው።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ጋሼ አብዱልገኒ ከጁምዓ ሶላት መልስ መጥተው፣ ገና ሳይቀመጡ፣ «ታናሽሽ አንድ ነገር ትለምንሻለች» አሉኝ። ታናሽሽ ያሉኝ አውቀው ነው፤ ጣውንትሽ ቢሉኝ ፊቴ እንዴት እንደሚሆን ያውቁታል። ሸይማ አባቴ ምን ይመስል ነበር እያለች መጠየቅ እንደጀመረች፣ አንቺ ዘንድ ያለው የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ብቻ እንደሆነ፣ እርሱም ላይ ማኅተሙ አገጩን እንደበላው ነገሩኝ። በመጨረሻ ሰሞኑ የተነሳው ፎቶ እኔ ዘንድ ካለ እንድልክልሽ ነው የላክሻቸው። እውነትሽን ነው። ያገባው፣ የወለደው፣ የተመረቀው ሁሉ በካሜራው ፊት ቆሞ አለፈ፤ እርሱን ግን ቁም ብሎ ያነሳው የለም።

እንግዲህ ባለቤቴ፣ ማለቴ ባለቤታችን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይቅር፣ ሙኽታር ልበለው። ስሙ ለሁለታችንም ይበቃል።

ፎቶ አለ። ግን ስለ ፎቶው ከመንገሬ በፊት ስለ ካሜራዋ ልንገርሽ፤ አለዚያ አይገባሽም።

ያቺ ካሜራ ሁለት ጠባይ አላት። አናቷ ላይ ያለው መዘውር «ኤ» ላይ ሲሆን ብርሃኑን ራሷ ትለካለች፣ ራሷ ትወስናለች፤ የሰው ሥራ መጫን ብቻ ነው። «ኤም» ላይ ሲሆን ደግሞ ምንም አትረዳሽም። ምን ያህል ብርሃን ይግባ፣ ምን ያህልስ ይቆይ፣ ሁሉም በእጅሽ ነው። ይህን ላንቺ መንገሬ ለቀባሪ ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ለራሴ ስል ነው የምጽፈው።

አንቺ ሳትመጪ በፊት፣ ሙኽታር ለሶላት ሲወጣ የቦሌውን ፎቶ ቤት የምጠብቅለት እኔ ነበርኩ። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ እንዳይመለስ ብሎ መዘውሩን «ኤ» ላይ አደረገና ነጭ ፕላስተር ለጠፈበት፤ ይኸው የቁስሉን ፕላስተር። እንዳይነቃነቅ ነው አለኝ። «ለአንቺ አውቶማቲኩ ይበቃሻል፤ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው» አለ። ክፋት አልነበረውም። እኔም ቅር አላለኝም። ከአንቺ በፊት ቅር የሚያሰኝ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንቺ ኔጋቲቭ በእርሳስ ልታስተካክይ ተቀጥረሽ መጣሽ። «የዘመድ ልጅ ናት፣ ከኮምቦልቻ፤ እጇ የረጋ ነው» አለኝ። እጅሽን ሲያመሰግን እኔ የፈራሁት ፊትሽን ነበር። መጥቼ አየሁሽ። ፊትሽ ያን ያህል የሚያስፈራ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ልቤ ተኛ። ለእጅ የሚቀና ሰው መኖሩን ማን ያውቃል?

አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስገባ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፁን ሰማሁ። «ካሜራ ሞኝ ናት» ይልሻል። «ነጭ ልብስ ስታይ አገሩ ሁሉ የበራ ይመስላታል፤ ብርሃኑን ትቀንሰዋለች፤ ሰውየው ይጠቁራል። ነጠላውን አትመኚው። ከፊት ለኪ።» አንቺም «ጋሼ፣ ሞኝ ከሆነች ለምን በቆዳ ቦርሳ ይሸከሟታል?» አልሽው። «ሞኝ ተሸካሚ አታጣም» ብሎ ሳቀ። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አየሁ። የብርሃን መለኪያዋን ጉንጭሽ አጠገብ ይዞ ነበር። አልነካሽም። ወላሂ አልነካሽም። ነክቶሽ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ የምጮኽበት ነገር አገኝ ነበር። ምሳውን አስቀምጬ ወጣሁ። እኔን በዚያች መለኪያ ለክቶኝ አያውቅም። የሠርጋችን ዕለት እንኳ ፎቶ አልተነሳንም።

የአስመረትን ትንሽ ወንድ ልጅ ክርስትና ታስታውሺዋለሽ። አጥር የምንጋራትን የትግራይዋን አስመረት ማለቴ ነው። ሙኽታር ያን ቀን በተዋሰው ካሜራ የሚያነሳው ሠርግ ነበረበት፤ ያቺን ባለ ፕላስተሯን ካሜራ ይዤ እኔ ሄድኩ። ፀሐዩ ጠራራ ነው፤ ሕዝቡ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሷል። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ታጥቦ ሲመጣ የነጠላው ክር ሳይቀር ይታያል፤ ሰዎቹ ግን ጥላ ሆነዋል። የክርስትና አባቱን ያወቁት በክራቫቱ ነው። አስመረት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየችና «ነጠላዬስ አምራለች፤ እኔ ግን የት ሄጄ ነው?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን ራት አልበላሁም። ሙኽታር ሊያጽናናኝ ብሎ «ጥፋቱ የካሜራዋ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም» አለኝ። ይህም ቆጨኝ፤ ጥፋት እንኳ የእኔ አይደለም። ቀጥሎ ደግሞ «ሌላ ጊዜ እሷ ትሂድ፤ ማንዋል ተምራለች» አለ።

አሁን የምነግርሽን ሳቂበት፤ ፈቅጄልሻለሁ። ካሜራዋ የመጣችበት ካርቶን ውስጥ አንዲት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረች፤ ሙኽታር ራሱ «ማንዋሉ» ይላት ነበር። እንግዲህ ማንዋል ተምራለች ሲል በዚያች መጽሐፍ ያስጠናሽ መሰለኝ። ጥበቡ ሁሉ እዚያ ውስጥ የተጻፈ መሰለኝ። ወሰድኩና ከሣጥኔ ሥር፣ ከኒካሕ ልብሴ በታች ደበቅኋት። ከዚያ በኋላ ባየሁሽ ቁጥር አሁን ይጨንቃታል፣ አሁን ይጠፋባታል እያልኩ ስጠብቅ ፎቶሽ ይባስ እያማረ ሄደ። መጽሐፏን ፈልገሻት አታውቂም። መኖሯንም አታውቂም።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። አላህ ለእኔ ልጅ አልሰጠኝም፤ ሙኽታር በዚህ አንድ ቀን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ሊያገባሽ ሲፈልግ ጋሼ አብዱልገኒን አስቀምጦ በፊት ለፊት ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። ያቺን እሺታ ሳስባት መዘውሬ ላይ ፕላስተር የተለጠፈ ያህል ነበር፤ ተጫኑኝ፣ ወጣች።

ተራው ተደለደለ። ለእኔ የገርጂው ቤት፣ ለአንቺ የኮተቤው፤ እርሱ በመሃል፣ ካሜራዋም ከእርሱ ጋር። ከአንቺ ዘንድ ሲመለስ በሩን ከፍቼ መጀመሪያ የማየው ፊቱን አልነበረም። ቦርሳዋን ከትከሻው ተቀብዬ ጓዳ እገባና ፕላስተሩን አያለሁ። አሮጌው፣ ጠርዙ የጠቆረው ከሆነ ልቤ ያርፋል። አዲስ ነጭ ከሆነ ግን አንቺ ዘንድ ተነቅሏል፤ እንደልብሽ ስታዞሪው ውለሻል፤ ወደ እኔ ሲመጣ ደግሞ ለእኔ ሲል እንደገና ለጥፎበታል ማለት ነው። ሌላዋ ሴት የባሏን ልብስ ታሸታለች፤ እኔ ፕላስተር እመረምራለሁ። ይህን ለአንድ ሰው እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ምን ብዬ እናገራለሁ?

ከዚያ ታመመ። የወደቀው በእኔ ተራ ነው። ተራው ወደ አንቺ ሲዞር፣ ሐኪሙ እንዳይንቀሳቀስ አዟል ብዬ ላክሁብሽ። ሐኪሙ መኪና አይሳፈር ነው ያለው፤ ሰው አይጠይቀው አላለም። አንቺ ሸይማን አዝለሽ ልትመጪ ተነስተሽ፣ ሕመሙ ለሕፃን ይተላለፋል ተብለሽ ከመንገድ መመለስሽን ኋላ ሰማሁ። ማን እንዳለሽ አልጠየቅሁም።

አንድ ረፋድ ላይ ደህና ሆኖ ነቃ። ነጩን ጀለቢያዬን አልብሺኝ አለኝ። አልብሼ፣ ደግፌ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። «አንሺኝ» አለ። ለማን አላልኩትም። ካሜራዋን አመጣሁ። ፕላስተሩን አየና «ንቀይው» አለኝ። «ኤም ላይ አድርጊው። ብርሃኑ ከኋላዬ ነው፣ ልብሴም ነጭ ነው፤ ትሞኝብሻለች። ቅረቢኝና ከፊቴ ለኪ፤ እነግርሻለሁ።»

ያን ሁሉ ዘመን ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። መምጣቱንስ መጣ። ግን እኔን ማስተማር አምሮት አልነበረም፤ ፎቶውን የሚያየው ሌላ ሰው ስለሆነ እንዲያምር ብሎ ነው። እንደዚያ መሰለኝ፤ ዛሬም እንደዚያ ይመስለኛል። «ለእኔ አውቶማቲኩ ይበቃኛል» አልኩት። የገዛ ቃሉን ነው የመለስኩለት። አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ያን ጊዜ ተጫንኩ።

ከቀብር የተመለስን ዕለት እጄን ይዘሽ ወደ ጓዳ ወሰድሽኝ። «ምን አለ? ስለ እኔ አንስቷል?» አልሽኝ። ምንም አላለም አልኩሽ።

ዕቃው ሲከፋፈል ካሜራዋ ለእኔ ወጣች። የጨለማው ክፍል ዕቃ፣ ፎቶ የሚያጎላው ማሽን፣ ሳህኖቹና ቀይዋ አምፖል፣ ወደ አንቺ ሄደ። ጋሼ አብዱልገኒ እኩል ያደረጉን መሰላቸው። ለአንዷ ዓይኑን፣ ለሌላዋ እጁን ሰጥተው ሄዱ።

የአራት ወር ከአሥር ቀኑን የባል ሐዘን፣ ዒዳዬን፣ ተቀመጥኩ፤ አንቺም በቤትሽ ተቀመጥሽ። ከደጅ አልወጣ፣ አልኳል፣ አልቀባ። መጀመሪያ ያቺን ፊልም ጠቅልዬ ከካሜራዋ አወጣሁና ሳላሳጥባት በቆርቆሮዋ ከተትኳት። ከዚያ ከሣጥኔ ሥር መጽሐፏን አወጣሁ። የአስመረት ትልቋ ልጅ ሄርሞን መዝገበ ቃላቷን አዋሰችኝ። በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን አንድ መስመር እያልኩ አነበብኩ። ስለ «ኤም» የሚናገረው ገጽ ላይ ስደርስ ገባኝ። ማንዋል ማለት በእጅ ማለት ነው። የደበቅሁብሽ ነገር እጅሽ ላይ ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ፤ በዒዳ ላይ ያለች ሴት ስትስቅ ጎረቤት እንዳይሰማ አፌን በሻሼ ይዤ።

ፕላስተሩን ነቀልኩት። ሙጫው ጠቁሮ ቀርቶ ነበር፤ በሎሚ አሸሁት። የሚነሳ ሰው ስለሌለ ያንኑ ወንበር መስኮቱ ሥር አደረግሁና የሸክላ ማሰሮ አስቀመጥኩበት፤ ነጭ ነጠላ አለበስኩት። ነጠላውን አትመኚው፣ ከፊት ለኪ እያልኩ ማሰሮውን ስለካ ከረምኩ። አስመረት አንድ ቀን ሳታስፈቅድ ገብታ አየችኝ። ማሰሮውን አየች፣ እኔን አየች፣ «እንግዳ እንዳለሽ መች አወቅሁ» ብላ ተመልሳ ወጣች። ለሰው አልተናገረችብኝም፤ እርሷን የምወዳት በዚህ ነው።

ዒዳዬን ከጨረስኩ ወዲህ በዚያች ካሜራ እሠራለሁ። አምና ሄርሞን ስትዳር ያነሳኋት እኔ ነኝ። ያው ፀሐይ፣ ያው ነጭ። እያንዳንዱን ፊት ቀርቤ ለካሁ፤ ሽማግሌዎቹ ምን ሆናለች ይህች ሴትዮ ብለው ነበር። አስመረት ፎቶዎቹን ስታይ «ዛሬስ ተገኘሁ» አለች። ይህን የምጽፍልሽ እንድታውቂው ነው። አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ጋሼ አብዱልገኒ መልእክትሽን አድርሰው ከሄዱ በኋላ ያቺን ቆርቆሮ ይዤ ቦሌ ወደ ፊሊሞን ፎቶ ቤት ወረድኩ። ፊሊሞን እንደ ሐኪም ነጭ ካፖርት የሚለብስ ወጣት ነው፤ ማጠቡንም ማተሙንም የሚሠራለት ማሽን አለው። «ጥቁርና ነጭ ዛሬ ማን ያጥባል፣ እትዬ» ብሎ አጉረመረመና ለእኔ ሲል ፊልሙን በእጁ አጠበልኝ። እስኪደርቅ ስጠብቅ በአዲስ ካሜራ ሲኩራራብኝ ቆየ። ወንድሙ አየር መንገድ ነው የሚሠራው፤ ከውጭ ያመጣለት እርሱ ነው። ዲጂታል ይባላል፤ ፊልም የለውም፤ ያነሳውን ወዲያው ከጀርባው ያሳያል። «ካልወደዱት አጥፍተው ይደግሙታል» አለኝ። እኔን አነሳና አሳየኝ፤ አንዲት አሮጊት አየሁ። «ይህም ማንዋል አለው?» አልኩት። «አለው፤ ግን ማን ይቸገራል? አውቶማቲኩ ይበቃል» አለኝ። ይህን ቃል አገሩ ሁሉ ተምሮታል።

ያን ረፋድ እንዲህ ያለ ካሜራ ቢኖረኝ ኖሮ እያልኩ አሰብኩ። ፊቱ መጥቆሩን እዚያው አይቼ እደግመው ነበር። ወይም አጠፋው ነበር። የትኛውን እንደማደርግ አላውቅም።

ፎቶው ታትሞ ወጣ። መስኮቱ አለ፤ ብረቱ ሳይቀር ይቆጠራል። የጀለቢያው ትከሻ ያበራል። ፊቱ የለም፤ ጥቁር ነው። «ተበላሽቷል፣ እትዬ፤ ልጣለው?» አለኝ። «ቀድሜ አንተን ነው የምጥልህ» አልኩት። ደንገጥ ብሎ ኔጋቲቩን ወደ አምፖሉ አነሳና ትክ ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ጥቂት ነገር አለ፣ ማሽኑ ግን አያወጣውም አለኝ። ማሽን ሁሉንም አንድ አድርጎ ነው የሚያየው። ሲያጎላ ፊቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በእጁ እየከለለ የሚያትም ሰው ቢገኝ ይወጣ ነበር፤ «ግን ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል?» አለ።

ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከመገናኛ አንድ ታክሲ ነው።

ለጋሼ አብዱልገኒ መልስ ያዘገየሁት በዚህ ነው። ኔጋቲቩን ብይዘው ሙኽታር ፊቱ እንደጠቆረ የእኔ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ብሰጥሽ ግን ካለበት የሚያወጣው ያንቺ እጅ ነው። ሞቶ እንኳ አንቺ በእጅሽ፣ እኔ በአውቶማቲክ። ቅናት ከባል ጋር አብሮ የሚቀበር መስሎኝ ነበር። ባል የሌለው ቅናት ይብሳል፤ የሚያባብለው ሰው የለውም። አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ይዤው ቆሜ ነበር። ከዚያ ሸይማ ትዝ አለችኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች? አባቷን በማኅተም በተበላ አገጭ ልታውቀው ነው?

ስለዚህ ኔጋቲቩን በዚህ ፖስታ ውስጥ ታገኚዋለሽ። በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌዋለሁ፤ እንዳይታጠፍ ለጋሼ አብዱልገኒ ቁርአን እንደያዙ አድርገው ይያዙልኝ ብያቸዋለሁ። አትቸኩዪ። ብርሃኑን በመዳፍሽ እየከለልሽ ፊቱን ቀስ ብለሽ አውጪው፤ እርሱ እንዳሳየሽ አድርጊ። ሁለት አትሚ፤ አንደኛው የእኔ ነው። ከሁለቱ የተሻለውን ለራስሽ እንደምታስቀሪ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን አስቀር ነበር። ካሜራዋን ግን አልልክም። አልጠየቅሽኝም፤ ብትጠይቂኝም አልሰጥሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊቱን ወደ በሩ ስላዞረ ጠርዙ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ተስሎ ቀርቷል፤ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ አፉ። ይህን ለማየት የማንም እጅ አያስፈልግም፤ ማሽኑም አውጥቶታል። ስጫን አንድ ቃል እየተናገረ ነበር። ዝግ ባለ ድምፅ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። የእኔን ስም የሚጠራ ሰው ከንፈሩ ከከንፈሩ አይገናኝም፤ ሞክሪው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፉ ክፍት ነው። ፎቶው ላይ ከንፈሩ ገጥሟል።

ያንቺን ስም መስታወት ፊት ቆመሽ ቀስ ብለሽ ጥሪው፤ አጀማመሩ ላይ ከንፈርሽን እይው።

አላህ ሸይማን ያሳድግልሽ። እጅሽን ከድካም፣ ቤትሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። ለሙኽታር ዱዓ ስታደርጊ ለእኔም ጨምሪ፤ ለእርሱ ከምታደርጊው ትንሽ ቢተርፍሽ ይበቃኛል።

ቀድማሽ የገባችው ጣውንትሽ